ፎቶውን የቀደደችው ድምፃዊት እና በአማርኛ የተጀመረው ዘፈን

ጊዜው ኦክቶበር 3 ቀን 1992፣ ቅዳሜ ሌሊት ነው። ኒውዮርክ ውስጥ፣ ሮክፌለር ሴንተር በሚባለው ሕንፃ፣ «ሳተርደይ ናይት ላይቭ» የተባለው የቀልድ ዝግጅት በቀጥታ እየተላለፈ ነው። አንዲት የ25 ዓመት ወጣት ማይክራፎን ፊት ቆማለች። ፀጉሯን ተላጭታለች። ነጭ የዳንቴል ቀሚስ ለብሳለች። አጠገቧ ሻማ በርቷል። ማይክራፎኑ ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ጨርቅ ታስሯል። ጊታር የለም፤ ከበሮም የለም። የምትዘፍነው በድምፅዋ ብቻ ነው።

ዘፈኑ ወደ ማለቂያው ሲደርስ አንድ ፎቶግራፍ ወደ ካሜራው አነሳች። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን መሪ የነበሩት የፖፕ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ፎቶ ነው። ቀደደችው። ደግማ ቀደደችው። ቁርጥራጩን ወደ ካሜራው ወረወረችው። አዳራሹ ጸጥ አለ፤ አንድም ሰው አላጨበጨበም።

ይህች ወጣት ሺኔድ ኦኮነር ትባላለች። ስሟ በተነሳ ቁጥር የሚወራው ስለዚያ ፎቶ ነው። እኔ ግን ከፎቶው በፊት የተዘፈነው ዘፈን ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። ምክንያቱም በዚያ ሌሊት በአሜሪካ ቴሌቪዥን የተሰማው ቃል መጀመሪያ የተነገረው በእኛው ቋንቋ፣ በአማርኛ ነበር። እንዴት እንደሆነ እነግራችኋለሁ፤ መጀመሪያ ግን ከልጅነቷ እንነሳ። (ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኩት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

ሺኔድ የተወለደችው ዲሴምበር 8 ቀን 1966 በአየርላንድ ዋና ከተማ በደብሊን ነው። ለቤቱ ሦስተኛ ልጅ ናት። ታላቅ ወንድሟ ጆሴፍ ኦኮነር በኋላ ታዋቂ ደራሲ ሆኗል። የዚያን ጊዜዋ አየርላንድ ከዛሬዋ በጣም የተለየች አገር ነበረች። ትምህርት ቤቱም ሆስፒታሉም በአብዛኛው በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እጅ ነበር። ባልና ሚስት መፋታት አይችሉም ነበር፤ ፍቺ የተፈቀደው በ1995 በተደረገ ሕዝበ ውሳኔ ነው። የሺኔድ ወላጆች ግን እሷ ገና ልጅ ሳለች ተለያይተው መኖር ጀመሩ።

እናቷ ክፉኛ ትደበድባት እንደነበር ሺኔድ ዕድሜዋን ሙሉ ተናግራለች። ዝርዝሩን እዚህ አልጽፈውም። የሚያስፈልገን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ይህች ልጅ በገዛ ቤቷ ስትጎዳ ከጎረቤትም፣ ከትምህርት ቤትም፣ ከቤተ ክርስቲያንም የደረሰላት አልነበረም። ያቺው እናት ደግሞ መኝታ ቤቷ ግድግዳ ላይ የፖፑን ፎቶ ሰቅላ ነበር። ፎቶው ፖፑ በ1979 አየርላንድን ሲጎበኙ የተነሳ ነው።

ሺኔድ ከትምህርት ቤት መቅረትና ከሱቅ መስረቅ ጀመረች። አሥራ አምስት ዓመት ገደማ ሲሆናት መነኮሳት የሚያስተዳድሩት አንድ የሴት ልጆች ማረሚያ ቤት አስገቧት፤ አንድ ዓመት ተኩል ያህል እዚያ ቆየች። ቦታው ሃይ ፓርክ ይባላል። በዚሁ ግቢ ውስጥ አንድ ትልቅ የልብስ ማጠቢያ ቤት ነበር። እንዲህ ያሉ ቤቶች በማርያም መግደላዊት ስም «መግደላዊት» ይባሉ ነበር። ሳያገቡ ያረገዙ ልጃገረዶች፣ ወላጅ የሌላቸው፣ ወይም «አስቸጋሪ» የተባሉ ሴቶች እዚያ ይገቡና ያለ ደመወዝ የሰው ልብስ ያጥባሉ። አንዳንዶቹ እዚያው አርጅተው ሞተዋል። ሺኔድ አንድ ሌሊት በቅጣት መልክ ከአረጋውያኑ ሴቶች ጋር እንድታድር መደረጓን ተናግራለች። ከሁሉ ያስፈራት፣ ዝም ካለች የእሷም መጨረሻ እንደነሱ ሊሆን እንደሚችል ማየቷ ነበር።

ደግሞ አንድ የሚገርም ነገር አለ። በዚያው ቦታ አንዲት መነኩሲት ጊታር ገዝታ ሰጠቻት። ሺኔድ ቤተ ክርስቲያኒቱን ስትወቅስ ይህቺን ሴት ረስታ አታውቅም፤ በመጽሐፏ ውስጥም በፍቅር አንስታታለች። ታሪኳን ጥቁርና ነጭ አድርገው የሚያቀርቡ ሰዎች ይህን ይዘሉታል።

በ1985 እናቷ በመኪና አደጋ ሞተች። ሺኔድ 18 ዓመቷ ነበር። የእናቷ ቤት ሄዳ ያንን ፎቶ ከግድግዳው አወረደችና ይዛው ወጣች። ከዚያ በኋላ በኖረችበት ቤት ሁሉ ፎቶው አብሯት ዞሯል። ምን እንደምታደርገው ግን ገና አልወሰነችም።

በዚያው ዓመት ከአንድ የሙዚቃ ኩባንያ ጋር ተፈራርማ ወደ ለንደን ሄደች። የኩባንያው ሰዎች ፀጉሯን እንድታሳድግና አጭር ቀሚስ እንድትለብስ መከሯት። ሄዳ ፀጉር አስተካካይ ቤት ተላጨች! ከዚያን ቀን ጀምሮ የተላጨ ራስ መታወቂያዋ ሆነ። የመጀመሪያውን አልበሟን ስትቀዳ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ነበር። የተመደበላት ፕሮዲውሰር የሠራው ስላላስደሰታት ቀረጻውን ጥላ፣ በ20 ዓመቷ ራሷ ፕሮዲውሰር ሆና እንደገና ሠራችው። አልበሙ በ1987 ወጣ። ስሙ «አንበሳውና እባቡ» እንደ ማለት ሲሆን የተወሰደው ከመዝሙረ ዳዊት ነው። በእንግሊዝኛው መጽሐፍ ቅዱስ ቁጥሩ 91 ነው፤ አያቶቻችን በሚደግሙት ዳዊት ግን 90 ነው። «ማንዲንካ» የሚል ርዕስ ያለው ዘፈንም በዚሁ አልበም ውስጥ አለ። ማንዲንካ በምዕራብ አፍሪካ የሚኖር ሕዝብ ነው፤ ርዕሱን ያገኘችው አሌክስ ሄይሊ «ሩትስ» በሚል ርዕስ ስለ ባሪያ ንግድ ከጻፈው ታሪክ ነው።

ሙዚቃዋ ኦልተርናቲቭ ሮክ ይባላል። «ኦልተርናቲቭ» ማለት አማራጭ ማለት ነው፤ ትልልቆቹ ሬዲዮ ጣቢያዎች ከሚያጫውቱት ወጣ ያለ፣ መጀመሪያ በዩኒቨርሲቲ ሬዲዮዎችና በትናንሽ መድረኮች የተሰማ የሮክ ዓይነት። የሺኔድን ድምፅ ያልሰማ ሰው ካለ፣ በሹክሹክታ ጀምሮ ሳታስቡት ጩኸት የሚሆን ድምፅ ነው። ድምፅዋ ሲሰበርም አትደብቀውም። በ1989 የግራሚ ሽልማት መድረክ ላይ «ማንዲንካ»ን ስትዘፍን የራፕ ቡድኑን የፐብሊክ ኤነሚን ምልክት በተላጨው ራሷ ላይ አሥላ ወጣች። በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ የራፕ ሽልማት ቢሰጥም በቴሌቪዥን እንዳይታይ ተደርጎ ነበር። ለጥቁር ሙዚቀኞች ያሳየችው ድጋፍ ነው።

በ1990 ዓለም ሁሉ አወቃት። «ናቲንግ ኮምፔርስ ቱ ዩ» የተባለውን ዘፈን የጻፈው ፕሪንስ ነው፤ በ1985 ሌላ ቡድን ዘፍኖት ብዙም ሳይሰማ ቀርቶ ነበር። ሺኔድ ስትዘፍነው በብዙ አገሮች አንደኛ ወጣ፤ በአሜሪካም ለአራት ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ። ክሊፑን ምናልባት እናትና አባታችሁ ያስታውሱት ይሆናል። አብዛኛው ፊቷ ብቻ ነው። መጨረሻ አካባቢ እንባዋ ይወርዳል። እንባው የታቀደ አልነበረም፤ ግጥሙ ስለ እናት ሲያነሳ የሞተችው እናቷ ትዝ ብላት ነው። የደበደበቻትን እናት ነው የምታለቅሰው። እኔ ይህን ካወቅኩ በኋላ ክሊፑን እንደ ፍቅር ዘፈን ማየት አልቻልኩም።

አልበሙ በዓለም ዙሪያ ከ7 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። ገንዘቡም ዝናውም መጣ፤ እሷ ግን አልተመቻትም። በዚያው ዓመት በኒው ጀርሲ ልትዘፍን ስትል ከዝግጅቱ በፊት የአሜሪካ ብሔራዊ መዝሙር ከተከፈተ መድረክ አልወጣም አለች። ፍራንክ ሲናትራ በአደባባይ ዛተባት። በ1991 ደግሞ የግራሚ ድርጅት ለኦልተርናቲቭ ሙዚቃ ለመጀመሪያ ጊዜ ሽልማት ሲሰጥ አሸናፊዋ እሷ ሆነች። አልቀበልም አለች። የሙዚቃው ዓለም ከእውነት ይልቅ ለሽያጭ ይጨነቃል የሚል ነበር ምክንያቷ። በዚያ የሽልማት ዘርፍ የመጀመሪያዋ አሸናፊ ዋንጫውን ሳትወስድ ቀረች ማለት ነው።

አሁን ወደ ዘፈኑ እንመለስ።

በ1935 የሙሶሊኒ ጦር ኢትዮጵያን ወረረ። በሰኔ 1936 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቫ ሄደው፣ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው በአማርኛ አቤቱታ አሰሙ። የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨት ሊያቋርጧቸው ሞከሩ። ማኅበሩም ኢትዮጵያን አላዳናትም። ከ27 ዓመት በኋላ፣ ኦክቶበር 4 ቀን 1963፣ ጃንሆይ ኒውዮርክ በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ላይ እንደገና ቆሙ። አሁንም የተናገሩት በአማርኛ ነው። ከንግግሩ አንዱ ክፍል ስለ ዘር መድልዎ ነበር፦ የሰው ልጅ በቆዳ ቀለሙ እየተመዘነ ሰላም ሊመጣ አይችልም የሚል ሐሳብ ነው። ያን ጊዜ በደቡባዊ አፍሪካ ብዙ አገሮች ገና በቅኝ ገዥዎችና በነጭ አገዛዝ ሥር ነበሩ።

ንግግሩ ወደ እንግሊዝኛ ተተረጎመ። ትርጉሙ ጃማይካ ደረሰ። እዚያ ያሉ ራስታዎች ስማቸውን ያገኙት ከንግሥ በፊት ከነበረው የንጉሡ መጠሪያ፣ ከ«ራስ ተፈሪ» ነው። በ1976 ቦብ ማርሊ የዚያን ንግግር ቃል ብዙም ሳይለውጥ ዘፈን አደረገው። ርዕሱ «ዋር» ነው፤ ጦርነት። እንደ ሌሎቹ የማርሊ ዘፈኖች የሚያስጨፍር አይደለም። ባሱ እየደጋገመ ሲሄድ ማርሊ እንደሚሰብክ ሰው ይናገራል።

አዲስ አበባ ሳድግ ይህን ዘፈን በቃሌ አውቀው ነበር። ከየት እንደመጣ ግን አላውቅም ነበር። የነገረኝ ለማስተርስ ትምህርት ውጭ አገር ሳለሁ አብሮኝ ይኖር የነበረ፣ አንድም የአማርኛ ቃል የማያውቅ ልጅ ነው። «ይሄ እኮ የአንተ ንጉሥ ንግግር ነው» አለኝ። አፈርኩ። ሥራዬ ሶፍትዌር ነው፤ አንድ ኮድ ከየት ተቀድቶ እንደመጣ ወደ ኋላ እየሄዱ መፈለግ ልማዴ ነው። የዚህን ግን ፈልጌ አላውቅም ነበር። ያን ዕለት ማታ የጃንሆይን ድምፅ ፈልጌ ሰማሁ። ዝግ ያለ፣ ቃል በቃል የሚራመድ አማርኛ ነው። አማርኛ የምትማሩ ልጆች በዝግታው ምክንያት ከዜና ይልቅ ሊቀላችሁ ይችላል። የሺኔድን ቪዲዮ ያየሁትም በዚያው ሌሊት ነው።

እስቲ ቀኖቹን አስተያዩ። ንግግሩ ኦክቶበር 4 ቀን 1963፤ ሺኔድ የዘፈነችው ኦክቶበር 3 ቀን 1992። 29 ዓመት ሊሞላ አንድ ቀን ቀረው። ከተባበሩት መንግሥታት ሕንፃ እስከ ሮክፌለር ሴንተር ያለው መንገድም 2 ኪሎ ሜትር አይሞላም። አማርኛው በጃማይካና በደብሊን ዞሮ የተነሳበት ሰፈር ተመለሰ።

ሺኔድ ዘፈኑን እንዳለ አልዘፈነችውም። ስለ ዘር በሚናገረው ግጥም ውስጥ በሕፃናት ላይ የሚደርስን ጥቃት አስገባች። ለእሷ ያ ጦርነት በየቤቱና በየማሳደጊያው ውስጥ ነበር። የአየርላንድ ካህናት በልጆች ላይ ያደረሱት በደል እየተሸፈነ እንደሆነ ታምን ነበር፤ በዚያን ጊዜ ይህን በአደባባይ የሚናገር ሰው በጣም ጥቂት ነው። በልምምዱ ሰዓት ካሜራው ፊት ያነሳችው የአንድ ሕፃን ፎቶ ነበር። ስለዚህ የዝግጅቱ ሰዎች ምንም አልጠረጠሩም። በቀጥታው ሥርጭት ግን ከእናቷ ግድግዳ ያወረደችውን ፎቶ አወጣች።

የቴሌቪዥን ጣቢያው ስልክ በሺዎች በሚቆጠር የቁጣ ጥሪ ተጨናነቀ። በሳምንቱ በዚያው ዝግጅት ላይ የወጣው ተዋናይ ጆ ፔሺ የተቀደደውን ፎቶ አጣብቆ አሳየና አስጨበጨበ። ኒውዮርክ ውስጥ ሰዎች አልበሞቿን መንገድ ላይ ከምረው አስፋልት በሚጠቀጥቅ ከባድ ማሽን አስደፈጠጧቸው። እሷም ዳግመኛ ወደዚያ ዝግጅት አልተጋበዘችም።

ከሁሉ ከባዱ የኦክቶበር 16ቱ ነበር። ለቦብ ዲላን ክብር በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ትልቅ ኮንሰርት ተዘጋጅቶ ነበር፤ እሷም አንድ የዲላን ዘፈን እንድትዘፍን ተጋብዛለች። ክሪስ ክሪስቶፈርሰን አስተዋወቃት። ወደ መድረኩ ስትወጣ ግማሹ ሕዝብ ያጨበጭባል፤ ግማሹ በተቃውሞ ይጮኻል። ሁለቱ ድምፅ ተደባልቆ አዳራሹ አገሳ። ቆማ ዝም አለች። ለረጅም ጊዜ፣ ዝም። ክሪስቶፈርሰን መጥቶ ጆሮዋ ላይ የማበረታቻ ቃል ተናገራት። ሙዚቀኛው ሊጀምር ሲል እንዲያቆም በእጇ ምልክት ሰጠችው። ከዚያ የዲላንን ዘፈን ተወችና ያንኑ ከአማርኛ የተነሳውን ቃል፣ ያለ ሙዚቃ፣ እየጮኸች ደገመችው። ጨርሳ ስትወርድ በክሪስቶፈርሰን እቅፍ ውስጥ አለቀሰች። እሱም ከብዙ ዓመት በኋላ በ2009 ስለ እሷ ዘፈን አወጣ።

በዓመቱ፣ በ1993፣ ሺኔድ በልጅነቷ የነበረችበት የሃይ ፓርክ መሬት በከፊል ተሸጠ። መነኮሳቱ በግቢው የተቀበሩ ሴቶችን አፅም ለማንሳት ፈቃድ ጠየቁ። ሲቆፈር ግን ከተመዘገበው በላይ ተገኘ፤ በጠቅላላው የ155 ሴቶች አፅም ነበር። በ1994 ልጆችን ያጠቃ አንድ ካህን ተላልፎ እንዲሰጥ የቀረበው ጥያቄ ለምን ዘገየ በሚል በተነሳ ቀውስ የአየርላንድ መንግሥት ፈረሰ። የመጨረሻው የመግደላዊት ቤት በ1996 ተዘጋ። በ2001 ያው ፎቶአቸው የተቀደደው ፖፕ ካህናት ስላደረሱት ጥቃት ይቅርታ ጠየቁ። በ2009 ለዓመታት የተደረገ የመንግሥት ምርመራ በቤተ ክርስቲያን ማሳደጊያዎች ውስጥ ልጆች ላይ የደረሰውን በሰፊው አጋለጠ። በ2013 የአየርላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር በመግደላዊት ቤቶች ለነበሩ ሴቶች ይቅርታ ጠየቁ።

ፎቶ መቅደድ ትክክል ነበር ወይ? ብዙ ካቶሊኮች ከልባቸው አዝነዋል፤ ሐዘናቸውም ይገባኛል። እኛ ቤት ሥዕለ አድኅኖ ቢቀደድ ምን እንደሚፈጠር አውቃለሁ። ግን ያቺ ሴት የቀደደችው ከሱቅ የገዛችውን ፎቶ አልነበረም።

ሁልጊዜ ልክ ነበረች ለማለትም አይደለም። ዛሬ የተናገረችውን ነገ ትሽራለች። ዘፈን አቆምኩ ትልና ትመለሳለች። ሰውን የሚያስቀይም ነገር ጽፋ ይቅርታ የጠየቀችበት ጊዜ አለ። ስለ አእምሮ ሕመሟ በግልጽ ትናገር ነበር፤ ይህም ብዙ መሳለቂያ አድርጓታል። በ2021 ባወጣችው የሕይወት ታሪኳ ግን ስለዚያ ሌሊት አልተጸጸተችም። የሕይወት መንገዴን ያሳተው አንደኛ የወጣው ዘፈን ነው፤ ፎቶውን መቅደዴ ግን ወደ ትክክለኛው መንገድ መለሰኝ ብላ ጽፋለች። የፖፕ ኮከብነቱ ለእሷ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ የሠራቻቸው አልበሞች ያን ያህል አልተሸጡም። እኔ ሁለቱን እመርጣለሁ። አንደኛው የ2002ቱ ነው፤ የድሮ የአየርላንድ ዘፈኖችን የያዘ ሲሆን ጥቂቶቹ በአይሪሽ ቋንቋ ናቸው። አይሪሽ ማለት በአገሩ እንኳ አብዛኛው ሰው በቤቱ የማይናገረው፣ ልጆች በትምህርት ቤት የሚማሩት ቋንቋ ነው። አማርኛን በቅዳሜ ትምህርት ቤት የምትማሩ ይህን አልበም ብትሰሙት የምታውቁት ስሜት ታገኙበታላችሁ። ሁለተኛው የ2005ቱ የሬጌ አልበም ነው። ኪንግስተን ሄዳ ማርሊ በመሠረተው ስቱዲዮ ቀዳችው። የመጨረሻው ዘፈን «ዋር» ነው፤ በዚህኛው ላይ ግን ከበሮውም ባሱም አለ፣ የሚጮኽባትም የለም።

በ2018 እስልምናን ተቀበለች፤ ሹሃዳ የሚል ስም ወሰደች፤ መድረክ ላይም ሂጃብ አድርጋ ትዘፍን ነበር። በጃንዋሪ 2022 ልጇ ሼን በ17 ዓመቱ ሞተ። በማርች 2023 ያ ብዙ የተሸጠው አልበሟ በአየርላንድ ሽልማት ሲሰጠው መድረክ ላይ ወጣች፤ ሕዝቡ ተነስቶ አጨበጨበላት። የግራሚውን ያልተቀበለችው ሴት ይህን ተቀበለች። መታሰቢያነቱንም አየርላንድ ውስጥ ላሉት ስደተኞች በሙሉ ሰጠች።

ጁላይ 26 ቀን 2023 ለንደን ውስጥ በ56 ዓመቷ አረፈች። ኦገስት 8 ቀን ብሬይ በምትባለው የባሕር ዳር ከተማ፣ ለብዙ ዓመታት በኖረችበት ቤት ደጃፍ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች መንገዱን ሞልተው ጠበቋት። በሽኝቱ ላይ ኢማም ጸልየውላታል። የአገሪቱ ፕሬዚዳንትም ነበሩ። የአስከሬኑን መኪና ድምፅ ማጉያ የተጫነበት አንድ አሮጌ ቮልስዋገን እየመራው በዝግታ አለፈ። ሰዎች አበባ ይጥላሉ። ከቮልስዋገኑ የሚሰማው የቦብ ማርሊ ዘፈን ነበር።